ግማሽ ወረቀት፦ ደብረ ማርቆስ ላይ ለመምህራን ያደረግሁት ንግግር

(ንግግሩን ከተቀዳው ድምፅ ላይ ነው የገለበጥኩት። ጥቂት ድግግሞሽ ብቻ ቀንሻለሁ።)

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፣ በተለይ ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል የምትገቡ ወጣት መምህራን፤ እንደምን አደራችሁ?

እስቲ እንደገና። እንደምን አደራችሁ? እሰይ! የደብረ ማርቆስ ብርድ ድምፃችሁን አልወሰደውም።

አዘጋጆቹ "ስለ ሙያሽ ንገሪን" ነው ያሉኝ። ሙያዬ የትምህርት ቴክኖሎጂና የመምህራን ሙያ ማሻሻያ ነው። ስሙ ረጅም ነው። እናቴ ለጎረቤት ስትናገር "ልጄ ኮምፒውተር ታስተምራለች" ነው የምትለው። አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። "እማዬ፣ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪዎች በደንብ እንዲያስተምሩ ነው የማግዘው" አልኳት። ቡናውን እየቀዳች ቀና ብላ አየችኝ። "አስተማሪን ደግሞ ማን ያስተምረዋል?" አለችኝ።

ጥያቄዋ አሁንም አልለቀቀኝም። በእውነት ማን ያስተምረዋል? የአንደኛ ደረጃ መምህር ኮሌጅ ገብቶ ማስተማር ይማራል። የዩኒቨርሲቲ መምህር ግን የሚቀጠረው በውጤቱ ነው። ሰኔ ላይ ተማሪ ነበር፤ ጥቅምት ላይ 70 ተማሪ ፊት ይቆማል። ከእናንተ መካከል እንዲህ የጀመረ የለም? እኔ ራሴ ብዙዎቻችሁን አውቃለሁ።

ዛሬ ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛው ስለ ዕቃ ነው። ሁለተኛው ስለ መምህሩ ነው። ሦስተኛው ስለ እርማት ነው።

በዕቃው ልጀምር።

ፕላዝማ የሚባለው የቴሌቪዥን ትምህርት በገባበት በ1997 ዓ.ም. ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። በፕላዝማ የተማራችሁ እስቲ እጅ አውጡ። አያችሁ? ትምህርቱ የሚዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ነበር። በሳተላይት ይመጣል። በየከተማው ያለው ዘጠነኛ ክፍል በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ያያል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። የገጠሩ ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ እኩል ይማር ነው። ለእኛ ለመምህራኑ የተተወልን መግቢያው ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻው ላይ ጥቂት ደቂቃ ነው። መካከሉ የቴሌቪዥኑ ነው።

እኔ የት ልቁም? ስክሪኑ አጠገብ ስቆም እከልላቸዋለሁ። ኋላ ስቀመጥ ከተማሪ አልለይም። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ከዚያ ሆኜ የልጆቹን ፊት ማየት ጀመርኩ።

ሦስተኛው ዴስክ ላይ አንድ ልጅ ነበር። ከገጠር በእግሩ ነው የሚመጣው። ይጽፋል፣ ይጽፋል። ስክሪኑ ገጽ ይቀይራል። እሱ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። ቀና ይላል፣ ጎንበስ ይላል። ከዚያ እስክሪብቶውን ከደነ። ደብተሩ መሃል ላይ አጋደመው። እጁን አጣምሮ ስክሪኑን ዝም ብሎ ያይ ጀመር። በቃ፣ ሄደ። ቁጭ ባለበት ሄደ።

ቴሌቪዥኑ አላየውም። እኔ አየሁት፤ ግን ትምህርቱን "ቆይ" ማለት አልችልም። ወደ ልጁ ጠጋ ብዬ በጆሮው ላስረዳው ስሞክር ደግሞ የሚቀጥለው አመለጠው።

አንድ ቀን በመካከል መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጠቆረ። ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ዞረ። ያ ልጅም ዞረ። "ቲቸር፣ ቅድም ያለችው ነገር ምንድን ነው?" አለኝ። ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳው ላይ ሣልኩለት። "እ!" አለ። ያቺን "እ!" ብትሰሟት! እስክሪብቶውን እንደገና ከፈተ።

ሙያዬን የመረጥኩት ያን ቀን ነው። ቴክኖሎጂ ጠልቼ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ያሳየው ሥዕል እኔ በጠመኔ ከሣልኩት በብዙ እጅ ይበልጣል። የከነከነኝ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ሲታቀድ እዚያ ክፍል ውስጥ የምትቆመዋን ሴትዮ ማን ጠየቃት?

ከዓመታት በኋላ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ገጠመኝ። የት እንደሆነ አልናገርም፤ በብዙ ቦታ ያለ ነገር ነው። ስማርት ቦርዶች ተገዝተው ክፍል ውስጥ ተሰቅለዋል። ላስቲካቸው ገና አልተላጠም። "ለምን አትጠቀሙበትም?" ስል ሁሉም ሰው ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም። ኋላ ላይ ገባኝ። ዕቃው በሞዴል 22፣ በንብረት ማውጫው ቅጽ፣ የወጣው በአንድ ሰው ስም ነው። ቢሰበር ከደመወዙ ነው የሚቆረጠው። ሰውየው እስክሪብቶዎቹን ሰብስቦ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈባቸው። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር? እቆልፍ ነበር። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል?

እዚያ ያስፈለገው ሌላ የኮምፒውተር ሥልጠና አልነበረም። ፊርማ ነበር። ከንብረት ክፍል ጋር ሁለት ወር ተመላለስን። ኃላፊነቱ ከግለሰቡ ወደ ዲፓርትመንቱ ተዛወረ። በሳምንቱ ላስቲኩ ተላጠ።

ሪቻርድ ክላርክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1983 እ.ኤ.አ. አንድ ነገር ጽፎ ብዙ አከራክሯል። ትምህርት የሚተላለፍበት ዕቃ እህል እንደሚያመላልስ መኪና ነው አለ። መኪናው የሰውን አመጋገብ አይለውጥም፤ የሚለውጠው የተጫነው እህል ነው። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። እኔ ግን ወደ እሱ አደላለሁ። ጤፍ የጫነ አይሱዙ ከቢቸና ተነሥቶ አዲስ አበባ ቢገባ፣ ጤፉን ጤፍ ያደረገው ገበሬው ነው። ይሁንና የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንቢ ካለ ጤፉም አይደርስም። ስለዚህ ዕቃውን አልንቅም። ዕቃው ትክክል ይሁን፣ ፍሬኑ ይሥራ። ከዚያ ግን ስለ ጤፉ እናውራ።

ሁለተኛው ነጥቤ መምህሩ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነው።

ሥራዬን ስጀምር ሥልጠና ማለት የሦስት ቀን ወርክሾፕ ነበር። አዳራሽ፣ ሻይ፣ አበል፣ ሰርተፊኬት። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሠራሁ። መጨረሻ ላይ የሚሞላው ቅጽ ሁልጊዜ "በጣም ጥሩ ነበር" ይላል። አንድ ሴሚስተር ላይ ግን ያሠለጠንኳቸውን ሰዎች ክፍል እየዞርኩ አየሁ። ያው ነው። ያው ስላይድ፣ ያው ንባብ፣ ያው ጸጥታ። በጣም አዘንኩ። ያዘንኩት በእነሱ አልነበረም። ሦስት ቀን የሰማነውን ነገር ሰኞ ጠዋት ብቻችንን ቆመን ማድረግ ይከብዳል። ዋና በወረቀት ተምሮ ጣና ውስጥ የሚገባ ሰው አለ?

አንድ መምህር ነበሩ። በዕድሜ ይበልጡኛል። ሙያቸውን ጠንቅቀው ያውቃሉ። "ክፍልዎ ገብቼ ልይ?" አልኳቸው።

"ልትገመግሚኝ ነው?" አሉኝ።

ወገኖቼ፣ እኛ አገር "ግምገማ" የሚለው ቃል ስንቱን ሰው እንዳስደነገጠ ታውቃላችሁ። "አይደለም። የምጽፈውን ለእርስዎ ብቻ ነው የምሰጠው። ለዲኑም አልናገርም፣ ኮፒም አላስቀርም" አልኳቸው። ሁለት ሳምንት አሰቡበት። ከዚያ ፈቀዱ።

ኋላ ተቀመጥኩ። ስላይዱ 84 ገጽ ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ያነባሉ። ተማሪዎቹ በስልካቸው ፎቶ ያነሣሉ። መጨረሻ ላይ ዞር ብለው "ጥያቄ አለ?" አሉ። ዝም። "እሺ፣ ሳምንት እንገናኝ።"

በሙያችን የታወቀ ነገር አለ። ሪቻርድ ሜየር የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ደጋግሞ ፈትኖታል። ሥዕልና ንግግር ሲገናኙ ይረዳዳሉ። እዚያው ላይ ንግግሩን ቃል በቃል በጽሑፍ ስትደረድሩበት ግን የተማሪው አእምሮ ይጨናነቃል። ይህን ለእኚህ ሰው መንገር እችል ነበር። አልነገርኳቸውም። ቡና ጋበዝኳቸውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅኋቸው። "ዛሬ ምን ያልገባቸው ይመስልዎታል?"

"ሁሉም ገብቷቸዋል። ጥያቄ አለ ስል የጠየቀ የለም" አሉ።

"በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ ሦስት ደቂቃ ይተዉላቸው። ግማሽ ወረቀት ያድሏቸው። 'ዛሬ ያልገባኝ አንድ ነገር' ብለው ይጻፉ። ስም አይጻፉ" አልኳቸው።

በሳምንቱ ማታ ስልኬ ጠራ። እሳቸው ናቸው። "62 ወረቀት ነው" አሉኝ። "28ቱ የጻፉት አንድ ቃል ነው። ያን ቃል እኔ የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው ያለፍኩት። እንደሚያውቁት ቆጥሬ፣ ሁሉንም ነገር በላዩ ላይ ሠራሁ።" ከዚያ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። "ስንት ዓመት እንዲህ አስተማርኩ?" አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። "ነገ ይንገሯቸው" ብቻ አልኳቸው።

በማግስቱ ፕሮጀክተሩን አልከፈቱም። ጠመኔ ይዘው ያቺን አንዲት ቃል አስተማሩ። ግማሽ ወረቀቷም በየሳምንቱ ቀጠለች። ከሁለት ወር በኋላ ቢሮዬ መጡ። "ይህን ወረቀት ማንበብ ጊዜ ይወስድብኛል። በስልካቸው ቢመልሱልኝስ? ቴሌግራም ላይ የሚጠየቅበት መንገድ አለ አሉ፤ አሳዪኝ" አሉኝ። ያን ጊዜ ነው ቴክኖሎጂ ያስተማርኳቸው። በ20 ደቂቃ ቻሉት። ለምን ቻሉት? ፈልገውት ስለመጡ ነው። ቀድሜ በወርክሾፕ ባስተምራቸው ኖሮ ሰርተፊኬቱን ይወስዱ ነበር፤ በቃ።

ይህ ሥራ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለመምህራኑ ማገዣ የሚሆን ማእከል ያቋቋመው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው። በዓመቱ በ1963 እ.ኤ.አ. ባሕር ዳር ላይ ፖሊቴክኒኩ ቆመ። በ1972 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የፔዳጎጂ አካዳሚው ተመሠረተ፤ ዛሬም ግቢውን "ፔዳ" የምንለው ለዚህ ነው። የማስተማር ጥበብን የሚያጠና ተቋም ጎጃም ላይ ከተመሠረተ ከ50 ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተማሪ መቀበል ሲጀምር ከባዶ አልተነሣንም ለማለት ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር ማስተማርን የሚማርበት ኤች ዲ ፒም (ሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም) አለን። ወጣቶች፣ ኤች ዲ ፒን "ፖርትፎሊዮ አስረክቦ መገላገል" አታድርጉት፤ አደራ። ስለ ራሳችሁ ማስተማር ቆም ብላችሁ እንድታስቡ ጊዜ የሚሰጣችሁ ምናልባት እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ እርማት ነው።

አጎቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት እሳቸው ዘንድ እሰነብት ነበር። ጎጃም ስላሉት ቅኔ ቤቶች፣ ስለ ዋሸራ፣ ስለ ጎንጅ፣ ስለ ዲማ ላውራ ብል ቀኑ አይበቃኝም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ። ተማሪዎቹ ደበሏቸውን ተከናንበው በየዛፉ ሥር፣ በየመቃብሩ ዳር ይቀመጣሉ። ቅኔ ይቆጥራሉ፤ በልባቸው ያዘጋጃሉ ማለት ነው። አንዱ ከሌላው ጋር አያወራም። ከዚያ ተራ በተራ ወደ የኔታ ለነገራ፣ ቅኔያቸውን አሰምተው ለመታረም፣ ይቀርባሉ። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። "ቆይ። እሱን ድገመው።" ልጁ ይደግመዋል። "ቤት አልመታም። ሂድ፣ አቅናውና ና።" ልጁ ይሄዳል፣ ይመለሳል። በዚያው ቀን! እርማቱ በዚያው ቀን ነው። ጀማሪ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። እሱ ሲቀና ወደ ረዘመው ይወጣል፤ መወድስ የሚደርሰው ደረጃውን ጠብቆ ነው።

አሁን እኛን እንይ። ተማሪ ኅዳር ላይ አሳይመንት ያስገባል። ጥር ላይ ይመለስለታል። ምን ተጽፎበት? "7 ከ10።" ሦስቱ የት ሄደ? አያውቅም። እኛም ረስተነዋል። እርማት የሌለበት ትምህርት ምን ዓይነት ትምህርት ነው?

እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን አስቡ። ዐይነ ስውር ናቸው። ሴት ናቸው፤ በዚያ ዘመን! ቅኔውን ከአባታቸው ተምረው እዚሁ ጎጃም ጽላሎ ላይ ወንበር ዘርግተው ደቀ መዛሙርት አፈሩ። ሰሌዳ አልነበራቸውም። ቢኖርም አያዩትም። ጆሮ ነበራቸው። የተማሪውን ስሕተት ይሰማሉ፣ ወዲያው ይመልሳሉ። እኔ ስለ ቴክኖሎጂ ስናገር የምለካው በዚህ ነው። ይህ ዕቃ የተማሪውን ስሕተት ቶሎ ያሰማኛል? እርማቴንስ ቶሎ ያደርስልኛል?

በኮሮና ጊዜ ይህን ረስቼ ነበር። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ የማስተርስ ተማሪዎቻችንን በኢንተርኔት እንድንቀጥል ተባለ። እኔ የሙያው ባለቤት ነኝ፤ ደስ አለኝ። 45 ደቂቃ የሚፈጁ ቪዲዮዎች ቀረጽኩ። ጥራታቸው ግሩም ነበር። ሙድል በሚባለው የኢንተርኔት ማስተማሪያ ላይ ጫንኳቸው። በሁለተኛው ሳምንት ከእነብሴ በኩል የሚኖር ተማሪዬ ጻፈልኝ። "መምህርት፣ ኔትወርክ የሚገኘው ከቤታችን ጀርባ ያለው ኮረብታ ላይ ነው። ቪዲዮውን ለማውረድ ሁለት ቀን ወጣሁ። ካርዴ አለቀ። እባክዎ ድምፁን ብቻ ይላኩልን።"

አፈርኩ። ተማሪዬ ኮረብታ ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ሰማይ እያነሣ ታየኝ። የፋይሉ ክብደት የኮምፒውተር ጉዳይ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የማስተማር ጉዳይ ነው። ከዚያ በኋላ የስድስት ደቂቃ ድምፅ፣ አንድ ገጽ ጽሑፍ፣ አንድ ጥያቄ ሆነ። እነሱ መልሱን በእጃቸው ጽፈው ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ይልካሉ። እኔ በድምፅ አርሜ እመልሳለሁ፤ በስማቸው እየጠራሁ። ያ ተማሪ ምን አለኝ? "ሦስት ጊዜ ሰማሁት።" በወረቀት ላይ የጻፍኩትን እርማት ሦስት ጊዜ ያነበበልኝ ተማሪ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ክልላችን ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት የተቋረጠበትን ጊዜም አይተናል። ያኔ የተማርነውን ልንገራችሁ። ሙድል ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ ግቢ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ የውጭ መስመር ባይኖርም በግቢው ኔትወርክ ይሠራል። ኪዊክስ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ዊኪፔዲያን እንዳለ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማስነበብ ይቻላል። የአይሲቲ ባለሙያዎች እዚህ አላችሁ? ይህን ዛሬውኑ አስቡበት። መስመር ሲጠፋ ከመሯሯጥ መስመር ሳለ ማውረድ ይሻላል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ብዙዎቻችሁ ጠዋት ሻይ ላይ አንሥታችሁብኛል። "አሳይመንቱን ማሽን ነው የሚሠራላቸው፤ ምን እናድርግ?" ብላችኋል። ማሽን የጻፈውን የሚለይ ሌላ ማሽን አትመኑ፤ ንጹሑን ልጅ ሌባ ሊያደርግባችሁ ይችላል። የኔታ ምን ያደርጉ ነበር? የሰው ቅኔ አንሥቶ የመጣ ተማሪ ነገራ ላይ ይታወቃል። አምስት ደቂቃ አጠገባችሁ አስቀምጡት። "ይህን እንዴት አመጣኸው? እዚህ ጋ ብንለውጠውስ?" በሉት። ሁሉንም ተማሪ ማድረስ አይቻልም፤ አውቃለሁ። በየሳምንቱ ስድስት ስድስት ተማሪ ግን ይቻላል። እኔ ሞክሬዋለሁ።

ይህን ሙያ ለመያዝ ለምታስቡ ጥቂት ልበል። መጀመሪያ አስተምሩ፤ ቢያንስ ጥቂት ዓመት። ያላስተማረ ሰው መምህርን ሊያግዝ አይችልም። ከንብረት ክፍልና ከኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጋር ተዋደዱ። ክፍል ገብታችሁ ያያችሁትን ለማንም አትናገሩ፤ አንድ ጊዜ ከአፋችሁ ካመለጠ በር ሁሉ ይዘጋባችኋል። ዲኖችና የዲፓርትመንት ኃላፊዎች፣ እናንተን ደግሞ እለምናለሁ። ዕድገት ሲመጣ ምርምሩን በቁጥር ትይዛላችሁ፤ መልካም ነው። ማስተማሩን ለማሻሻል አንድ ዓመት የለፋውን መምህር ግን በምን ትይዙታላችሁ? የሚጻፍበት አንድ መስመር አብጁለት። አንድ መስመር!

ስትገቡ በሩ ላይ ግማሽ ወረቀት ታድሏችኋል። አሁን አውጡት። ከንግግሬ ያልገባችሁን፣ ወይም ያልተስማማችሁበትን አንድ ነገር ጻፉ። ስም አትጻፉ። ሦስት ደቂቃ አላችሁ። ስትወጡ ካርቶኑ ውስጥ ጣሉት። ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ አነበዋለሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ሥልጠናው ሳይጀመር፣ እዚሁ ቆሜ እመልስላችኋለሁ።

እስክሪብቶ የሌላችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት አለ።